ኬብሉ ተሰክቶ ሳለ ኮምፒውተሩ ለምን በዋይፋይ ይሄዳል? የአንድ ቢሮ የጉዳይ ጥናት

ቦታው አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አነስተኛ የሒሳብ አገልግሎት ቢሮ ነው። የፋይበር ራውተሩ መግቢያው ክፍል ላይ ተቀምጧል። ከእሱ አንድ ኬብል ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብቶ ባለ 8 ቀዳዳ ጊጋቢት ስዊች (አንዱን መስመር ለብዙ ኮምፒውተር የሚያካፍል ሳጥን) ላይ ይሰካል፤ ከስዊቹ ደግሞ ወደየጠረጴዛው ኬብል ተዘርግቷል። ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ዳታ ያለበት ኮምፒውተር እዚያው ስዊች ላይ ነው። ሠራተኞቹ «ሰርቨር» ይሉታል እንጂ ዊንዶውስ 10 ፕሮ የተጫነበት ተራ ዴስክቶፕ ነው፤ አድራሻው 192.168.1.10፣ የራውተሩ ደግሞ 192.168.1.1። የራውተሩ ዋይፋይም የሚያድለው ከዚሁ ከ192.168.1 ክልል ስለሆነ፣ በኬብልም በዋይፋይም የገባ ኮምፒውተር ሰርቨሩን ያገኘዋል። ይህ ምቾት ነው፤ ግን ኮምፒውተሩ በየትኛው መንገድ እየሄደ እንደሆነ ማንም እንዳያውቅ ያደረገውም እሱ ነው።

አቤቱታው የመጣው ከዋና አካውንታንቷ ነው። ላፕቶፗ ዊንዶውስ 11 ነው፤ ቀጭን በመሆኑ የኔትወርክ ኬብል መሰኪያ ስለሌለው ኬብሉ የሚገባው በዩኤስቢ አዳፕተር በኩል ነው። የሰኔ 30 ሒሳብ መዝጊያ ሲቃረብ ፒችትሪ እየተንቀራፈፈ፣ አንድ ሪፖርት ለማውጣት ደቂቃዎች እየፈጀ፣ አንዳንዴም ከዳታው ጋር ያለው ግንኙነት ተቋረጠ ብሎ እየተዘጋ አስቸገረ። ከጎኗ ያሉት ዴስክቶፖች ደህና ይሠራሉ። ኬብሉ ተሰክቷል፣ የአዳፕተሩ መብራትም ይበራል። ስለዚህ ጥርጣሬው በስዊቹ ላይ ወደቀና አዲስ ስዊች ሊገዛ ታሰበ። ስዊቹ ግን ምንም አልሆነም ነበር።

ምን እየሆነ እንደነበር

የመጀመሪያው ምርመራ ምንም መሣሪያ አይጠይቅም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አብረው ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ ፐርፎርማንስ በሚለው ገጽ ላይ ኤተርኔት (የኬብሉ መስመር) እና ዋይፋይ ለየብቻ ግራፍ አላቸው። 1 ጊጋባይት የሚያህል ፋይል ከሰርቨሩ እየተቀዳ ሁለቱን ማየት ነው። እዚህ ቢሮ የዋይፋዩ ግራፍ ወደ ላይ ወጣ፤ የኤተርኔቱ መሬት ላይ ተኝቶ ቀረ። ላፕቶፑ ኬብል ተሰክቶለት ሥራውን ሁሉ በአየር ይሠራ ነበር።

ምክንያቱን ለማግኘት ኮማንድ ፕሮምፕት (ትእዛዝ የሚተየብበት መስኮት) ተከፍቶ «ራውት ፕሪንት» የሚለው ትእዛዝ ተሰጠ። (እዚህ በአነጋገራቸው የተጻፉት ትእዛዞች ሁሉ ሲተየቡ በላቲን ፊደል ነው።) የሚወጣው ሰንጠረዥ ረጅም ነው፤ የሚያስፈልገው ግን የመጨረሻው አምድ ብቻ ነው፣ ሜትሪክ የሚለው። ወደ ኢንተርኔት የሚወስደው መንገድ፣ ማለትም በ0.0.0.0 የሚጀምረው መስመር፣ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ነበር፤ በዋይፋዩ በኩል 30፣ በኬብሉ በኩል 35። ወደ ቢሮው ውስጥ ኔትወርክ የሚወስደውም እንዲሁ ሁለት ነበር፤ በዋይፋይ 286፣ በኬብል 291። ዊንዶውስ ሁልጊዜ የሚመርጠው ትንሹን ቁጥር ነው። ጉዳዩ በዚህች በ5 ቁጥር ልዩነት ተፈርዷል።

ቁጥሮቹ የሚመጡት ከሁለት ነገር ድምር ነው። አንዱ የመንገዱ የራሱ ሜትሪክ ነው፤ ራውተሩ በዲኤችሲፒ (አድራሻን በራሱ በሚያድለው ሥርዓት) ላደለው የኢንተርኔት መንገድ 0፣ በቀጥታ ለተያያዘው የቢሮ ኔትወርክ 256። ሌላው የአዳፕተሩ፣ ማለትም የኬብሉ ወይም የዋይፋዩ ካርድ፣ ሜትሪክ ነው፤ ይህን ማንም ካልነካው ዊንዶውስ ከመስመሩ ፍጥነት ተነስቶ በራሱ ይሰጠዋል። በዊንዶውስ 10ና 11 ላይ ባለ ኬብል መስመር ፍጥነቱ ከ200 ሜጋቢት እስከ 2 ጊጋቢት ከሆነ 25 ያገኛል፤ ከ80 እስከ 200 ሜጋቢት ከሆነ 35። ዋይፋይ ደግሞ ከ500 ሜጋቢት እስከ 2 ጊጋቢት ባለው ፍጥነት 30፣ ከ200 እስከ 500 ባለው 35፣ ከ150 እስከ 200 ባለው 40፣ ከ80 እስከ 150 ባለው 45 ይሰጠዋል።

ከዚህ የምንረዳው ዊንዶውስ «ኬብል ይቅደም» የሚል ጠንካራ ሕግ እንደሌለው ነው። በአንድ ዓይነት ፍጥነት ላይ ለኬብል ያደላል፤ ጊጋቢት ኬብል 25 ይዞ የ866 ሜጋቢት ዋይፋይን 30 ያሸንፋል። ኬብሉ ግን በ100 ሜጋቢት ከተያያዘ 35 ይሆንና ይሸነፋል። ላፕቶፑ ላይ ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ኤተርኔት ተብሎ ሲገባ ሊንክ ስፒድ (የመስመሩ ፍጥነት በሜጋቢት) የሚለው 100/100 ይላል። የዋይፋዩ 866/866 ነበር። አዳፕተሩ ጊጋቢት ነው፣ ስዊቹ ጊጋቢት ነው፤ መሐል ያለው ነገር ነው 100 ላይ ያወረዳቸው።

የቀረ አንድ ጥያቄ አለ። ዊንዶውስ ኬብል ሲሰካ ዋይፋዩን በራሱ ሊለቅ አይገባውም ነበር? ልማዱ አለው። ግን የሚለቀው መስመሩ ላይ እንቅስቃሴው ሲቀንስ ነው፤ በየ30 ሰከንዱ ያይና በቂ ትራፊክ ካገኘ ይተወዋል። አካውንታንቷ ጠዋት ላፕቶፑን ከፍታ፣ ዋይፋዩ ተያይዞ፣ ፒችትሪን አስጀምራ ነው ኬብሉን የምትሰካው። ዳታው በዋይፋዩ ላይ እየተመላለሰ ስለሆነ የመልቀቂያ ጊዜው አይደርስም።

ፈጣኑ መስመር ለምን ቀርፋፋ ሆነ

እዚህ ላይ የሚያደናግር ነገር አለ። ትልቅ ፋይል ለመቅዳት ብቻ ቢሆን ዋይፋዩ በእርግጥም ከ100 ሜጋቢት ኬብል ሊበልጥ ይችላል። 100 ሜጋቢት ማለት በሰከንድ ከ11 እስከ 12 ሜጋባይት ነው፤ ጥሩ ቦታ ላይ ያለ የ866 ዋይፋይ ከዚያ በላይ ይቀዳል። ዊንዶውስ በራሱ መለኪያ አልተሳሳተም።

ፒችትሪ ግን ትልቅ ፋይል አይቀዳም። ከዳታው ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ጥያቄዎችን አንዱ ሲመለስ ሌላውን እየላከ ይሠራል። ስለዚህ ወሳኙ የመስመሩ ስፋት ሳይሆን የአንዱ ደርሶ መልስ ጊዜ ነው። ከዚያው ላፕቶፕ ወደ 192.168.1.10 ፒንግ (የደርሶ መልስ ጊዜን የሚለካ ትእዛዝ) ሲደረግ በኬብል ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ይመለሳል፤ በዋይፋይ ግን 4፣ 7፣ 3፣ ከዚያ ድንገት 90 እያለ ይዘላል። አንድ ሪፖርት 5,000 ጥያቄ ቢፈልግ በ1 ሚሊሰከንድ 5 ሰከንድ ይፈጃል፤ በአማካይ 8 ሚሊሰከንድ ከሆነ 40 ሰከንድ ነው፤ ዋይፋዩ ለአፍታ ሲጠፋ ደግሞ ዳታው ላይ የተከፈተው ፋይል ይዘጋና ፕሮግራሙ ይወድቃል። በመጻፍ መሐል ከሆነ ዳታው ሊበላሽም ይችላል። የኔትወርክ ዳታ በዋይፋይ መክፈት እንደማይመከር በዚህ ዓይነት የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

ሜትሪኩን መቀየር፣ ግን የየትኛውን?

መድኃኒቱ ብዙ ቦታ ተጽፎ ይገኛል፤ የኤተርኔቱን ሜትሪክ በእጅ 10 ወይም 5 ማድረግ። እዚህ ቢሮ ግን የተነካው የዋይፋዩ ነው፤ ከአውቶማቲክ ወጥቶ 60 ተደረገ። ውጤቱ አንድ ነው፣ ኬብሉ በ35ም ቢሆን ያሸንፋል። ልዩነቱ በእጅ የተሰጠው ቁጥር አብሮት በሚኖረው አዳፕተር ላይ ነው። የላፕቶፑ ዋይፋይ ካርድ ውስጡ የተገጠመ ነው፣ አይለወጥም። የዩኤስቢ አዳፕተር ግን ይጠፋል፣ ይቀየራል፤ የራሱ መለያ ቁጥር የሌለው ርካሽ አዳፕተር ደግሞ በሌላ ቀዳዳ በተሰካ ቁጥር ዊንዶውስ እንደ አዲስ ዕቃ ቆጥሮ «ኤተርኔት 2»፣ «ኤተርኔት 3» እያለ ይመዘግበዋል፤ በእጅ የተሰጠውም ቁጥር ከድሮው ስም ጋር ይቀራል። ላፕቶፑ ወደ ቤት ሲሄድ ዋይፋዩ ብቻውን ስለሚሆን 60 መሆኑ ምንም አያጎድልበትም፤ ሜትሪክ ፍጥነትን አይቀንስም፣ የሚያገለግለው ለማወዳደር ብቻ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የዊንዶውስ ቁልፍና አር አብረው ተጭነው «ኤንሲፒኤ ነጥብ ሲፒኤል» ይጻፋል። ዋይፋይ በሚለው ላይ በቀኝ ክሊክ ተደርጎ ፕሮፐርቲስ ይከፈታል፤ ኢንተርኔት ፕሮቶኮል ቨርዥን 4 ተመርጦ እንደገና ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ አድቫንስድ። ከታች አውቶማቲክ ሜትሪክ የሚለው ላይ ያለው ምልክት ይነሳና ሳጥኑ ውስጥ 60 ይጻፋል። ይኸው ለቨርዥን 6ም ይደገማል። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ሁለተኛውን ነው። ሰርቨሩ የሚጠራው በቁጥር ሳይሆን በኮምፒውተሩ ስም ከሆነ ስሙ ወደ ቨርዥን 6 አድራሻ ሊፈታ ይችላል፤ ያኔ ለቨርዥን 4 የተሰጠው ቁጥር ዋጋ የለውም። በፓወርሼል (በሌላው የዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት) ለሚሠራ፣ እንደ አድሚኒስትሬተር ተከፍቶ «ሴት-ኔትአይፒኢንተርፌስ» የሚለው ትእዛዝ ከአዳፕተሩ ስምና ከሜትሪኩ ቁጥር ጋር ሲሰጥ ሁለቱንም ቨርዥኖች ባንዴ ይቀይራል።

ከዚህ በኋላ «ራውት ፕሪንት» በዋይፋዩ በኩል 60ና 316፣ በኬብሉ በኩል እንደ ድሮው 35ና 291 አሳየ። ፓወርሼል ላይ «ፋይንድ-ኔትራውት» ተብሎ የሰርቨሩ አድራሻ ሲሰጥ የሚመርጠውን አዳፕተር በስም ይናገራል፤ ኤተርኔት አለ። መንገዱ የሚያልፍባቸውን ማረፊያዎች የሚዘረዝረው ትሬስራውት እዚህ አይጠቅምም፤ በኬብልም በዋይፋይም ወደ ኢንተርኔት ሲሆን የመጀመሪያው ማረፊያ ያው 192.168.1.1፣ ወደ ሰርቨሩ ሲሆን ደግሞ ያው ሰርቨሩ ራሱ ስለሆነ ልዩነቱን አያሳይም።

ቁጥሩ ተቀይሮ ፋይሉ ግን አሁንም በአየር

ኢንተርኔቱ ወዲያው ወደ ኬብሉ ዞረ። ከሰርቨሩ ፋይል ሲቀዳ ግን የዋይፋዩ ግራፍ አሁንም ይነሳል። እዚህ ደረጃ ላይ ብዙዎች «ሜትሪክ አይሠራም» ብለው ዋይፋዩን ያጠፉታል።

ሁለት ምክንያት ነበረው፤ አንዱ ቀላል ነው። አንድ ጊዜ የተከፈተ ግንኙነት የጀመረበትን አድራሻ ይዞ እስኪዘጋ ይቀጥላል፤ ሜትሪኩ የሚወስነው ከዚያ በኋላ የሚከፈተውን ነው። ፒችትሪ ክፍት ሆኖ፣ የሰርቨሩ ፎልደርም እንደ ድራይቭ ተያይዞ ሳለ ቁጥር ቢቀየር የሚታይ ለውጥ የለም። ላፕቶፑ እንደገና ሲነሳ ይህ ይጠራል።

ሁለተኛው ኤስኤምቢ መልቲቻናል የሚባለው ነው፤ የዊንዶውስ ፋይል መጋሪያ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ አብሮት ያለ ባሕርይ። ላፕቶፑና ሰርቨሩ ከተገናኙ በኋላ በመካከላቸው ያሉትን መስመሮች ሁሉ ይመዘግባል፣ ከዚያ የተሻለ ያለውን ይመርጣል። ሲመርጥ የሜትሪክ ሰንጠረዡን አይጠይቅም፤ የካርዱን አቅምና የመስመሩን ፍጥነት ነው የሚያየው። 866 እና 100 ሲቀርቡለት የትኛውን እንደሚያነሳ ግልጽ ነው። ፓወርሼል ላይ «ጌት-ኤስኤምቢመልቲቻናልኮኔክሽን» ሲባል ላፕቶፑ ወደ ሰርቨሩ የሄደባቸውን አድራሻዎች ይዘረዝራል፤ የዋይፋዩ አድራሻ እዚያ ውስጥ ነበር።

መልቲቻናል ሁለት ሦስት ፈጣን ካርድ ላላቸው ትልልቅ ሰርቨሮች ጥሩ ነው። አንድ ኬብል ላለው ላፕቶፕ ጥቅሙ አይታይም። ስለዚህ ላፕቶፑ ላይ ብቻ ተዘጋ፤ «ሴት-ኤስኤምቢክላየንትኮንፊገሬሽን» በሚለው ትእዛዝ ኢነብል መልቲቻናል የሚለው ፎልስ ተደርጎ፣ ማረጋገጫ ሲጠየቅ ዋይ ተብሎ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የኤተርኔቱ ግራፍ ተነሳ፤ በ100 ሜጋቢቱ ጣሪያ ላይ ጠፍጣፋ መስመር ሠርቶ።

ኬብሉ

የቀረው ሥር የሰደደው ችግር ነው። ሁለት ጊጋቢት ዕቃዎች 100 ላይ ሲገናኙ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኬብሉ ነው፤ ምክንያቱ የአሠራሩ ነው። የኔትወርክ ኬብል ውስጥ 8 ሽቦ፣ ማለትም 4 ጥንድ አለ። የ100 ሜጋቢት ግንኙነት የሚጠቀመው በሁለቱ ጥንድ ብቻ ነው፤ 1ና 2፣ 3ና 6። ጊጋቢት አራቱንም ይፈልጋል። ሁለቱ ጫፎች ፍጥነት የሚደራደሩት በነዚያው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥንዶች ስለሆነ ጊጋቢት ላይ ይስማማሉ፤ ከዚያ በአራቱ ጥንድ ለመያያዝ ሞክረው ሲያቅታቸው ብዙዎቹ ካርዶች ወደ 100 ዝቅ ብለው ይያያዛሉ። ዝቅ ማለት የማያውቀው ካርድ ደግሞ እየተያያዘና እየተቋረጠ ይቆያል። የወረደው መብራቱን አብርቶ ይሠራልና ማንም አይጠረጥረውም።

የኬብል መፈተሻው፣ ቴስተሩ፣ ሲሰካ ከስምንቱ መብራቶች 4ኛው አልበራም። ቢ በሚባለው የሽቦ ቀለሞች አደራደር 4ኛው ሰማያዊው ሽቦ ነው። በጠረጴዛው በኩል ያለው ኮኔክተር በግልጽ ፕላስቲኩ ውስጥ ሲታይ ሰማያዊው ሽቦ እስከ ጫፉ አልደረሰም። ከዚያ የባሰው ግን የኬብሉ የውጪ ልባስ ከኮኔክተሩ ውጪ መቅረቱ ነው፤ የፕላስቲኩ ጥርስ መንከስ ያለበት ልባሱን ሆኖ ሳለ ባዶ ሽቦዎቹን ነክሷል። ላፕቶፑ በተነሳና በተቀመጠ ቁጥር የሚጎተቱት ሽቦዎቹ ነበሩ፤ አንዱ መውጣቱ የጊዜ ጉዳይ ነበር።

ኮኔክተሩ ተቆርጦ በአዲስ ተተካ። ልባሱ ወደ 2.5 ሳንቲሜትር ይገፈፋል፣ ጥንዶቹ ተፈትተው ቀጥ ይደረጋሉ። አደራደሩ ነጭ-ብርቱካንማ፣ ብርቱካንማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ ነው፤ የኮኔክተሩ ምላስ ወደ ታች ሆኖ ከግራ ወደ ቀኝ። ከዚያ ሽቦዎቹ እኩል ተቆርጠው ከልባሱ የሚወጣው ርዝመት 13 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ይቀራል፤ ከዚያ በላይ የተፈታ ጥንድ ጊጋቢት ላይ ይረብሻል። ሲገባ ስምንቱም የመዳብ ጫፎች በኮኔክተሩ አፍንጫ በኩል መታየት አለባቸው፣ ልባሱም ጥርሱን አልፎ መግባት አለበት። ይህ ከመረጋገጡ በፊት ክሪምፐሩ (የኮኔክተር መጨመቂያው) አይጨመቅም፤ አንዴ የተጨመቀ ኮኔክተር አይመለስምና።

የተቆረጠውን ሽቦ በቢላ ጫፍ ፋቅ አድርጎ ማየት ልማድ ቢሆን ጥሩ ነው። ከላይ የመዳብ ቀለም ኖሮት ውስጡ ብርማ ከሆነ አሉሚኒየም ላይ መዳብ የተለበጠበት ነው። ርካሽ ነው፤ ሲታጠፍ ይሰበራል፣ በእጅ የተጨመቀ ኮኔክተር ውስጥም ቶሎ ይላላል። እዚህ ቢሮ ያለው ንጹሕ መዳብ ስለነበር መላው ኬብል አልተቀየረም። አሉሚኒየም ከሆነ ግን ኮኔክተር ከመቀያየር ኬብሉን መተካት ይሻላል።

ሊንክ ስፒዱ 1000/1000 ሆነ፣ የኤተርኔቱ ሜትሪክም በራሱ ከ35 ወደ 25 ወረደ። ፋይል ሲቀዳ ግን በሰከንድ ከ40 ሜጋባይት አላለፈም። አዳፕተሩ የተሰካው በዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ ላይ ነበር፤ ያ ቀዳዳ ጊጋቢትን አይችልም፣ ሊንክ ስፒድ ግን የኬብሉን እንጂ የዩኤስቢውን ጉሮሮ ስለማያይ 1000 ይላል። ወደ ዩኤስቢ 3 ሲዛወር ከ100 ሜጋባይት በላይ ሆነ።

አሁን 25 ለ30 ስለሆነ ዋይፋዩ ላይ የተጻፈው 60 ይነሳ ወይ? አይነሳም። የቢሮው ራውተር አንድ ቀን በአዲስ ዋይፋይ ከተተካና ላፕቶፑ በ2.4 ጊጋቢት ከተያያዘ፣ ዋይፋዩም ያው 25 ያገኛል፤ ከጊጋቢት ኬብል ጋር እኩል። መልቲቻናሉም በዚያው ምክንያት እንደተዘጋ ይቀራል።

መብራት ሲጠፋ

ዋይፋዩ ጭራሽ እንዳይጠፋ የፈለገው ቢሮው ራሱ ነው። ምክንያታቸው «መብራት ሲጠፋ ስዊቹ ይሞታል፣ ራውተሩ ግን ባትሪ ስላለው በዋይፋይ እንቀጥላለን» የሚል ነበር። ሲፈተን የእውነቱ ግማሽ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የስዊቹ መሰኪያ ሲነቀል የላፕቶፑ ኤተርኔት ወደቀ፣ ኢንተርኔቱ በጥቂት ሰከንድ ወደ ዋይፋይ ዞሮ ቀጠለ። ፒችትሪ ግን አልተገኘም። ሰርቨሩ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ላይ ስለሆነ በርቷል፤ ከራውተሩ ጋር የሚያገናኘው ግን ያው የሞተው ስዊች ነው። በዋይፋይ ቢሄዱም በር ላይ ይቆማሉ።

መፍትሔው የሰርቨሩ ዩፒኤስ ላይ ከቀሩት ቀዳዳዎች አንዱ ነው። እንዲህ ያለ ባለ 8 ቀዳዳ ስዊች የሚወስደው ጥቂት ዋት ብቻ ነው፣ የዩፒኤሱን ቆይታ እምብዛም አያሳጥርም። ስዊቹ እዚያ ሲሰካ መብራት ቢጠፋም የላፕቶፑ ኬብል አይወድቅም፣ ፒችትሪም አይዘጋም። ለሠራተኞቹ አንድ ነገር ተነገራቸው፤ ላፕቶፑን ይዞ ወደ ስብሰባ ክፍል የሚሄድ ኬብሉን ከመንቀሉ በፊት ፒችትሪን ይዝጋ። ኢንተርኔት ከመስመር ወደ መስመር ሲዘል ብዙም አይታወቅም፣ የተከፈተ ዳታ ግን አብሮ አይዘልም።

ዋይፋይ የማይታደግበት ሌላም ሁኔታ አለ። ከራውተሩ ወደ ስዊቹ የሚመጣው ኬብል ቢነቀል፣ ስዊቹ እንደበራ ስለሆነ የላፕቶፑ ኤተርኔት እንደተያያዘ ይቆጠራል፣ ሜትሪኩም 25 እንደሆነ ይቀራል። ሜትሪክ ከስዊቹ ወዲያ ያለውን አያይም። ያኔ ኢንተርኔት ለሚፈልግ ሰው ከጠረጴዛው ላይ ኬብሉን መንቀል ነው።

ያልተመረጡት መንገዶች

ዊንዶውስ ላይ ኬብል ሲሰካ ዋይፋይን ፈጽሞ የሚያቋርጥ ፖሊሲ አለ። በግሩፕ ፖሊሲ ኤዲተር ውስጥ ኮምፒውተር ኮንፊገሬሽን፣ አድሚኒስትሬቲቭ ቴምፕሌትስ፣ ኔትወርክ፣ ዊንዶውስ ኮኔክሽን ማናጀር በሚለው ሥር፣ በአንድ ጊዜ የሚኖሩ ግንኙነቶችን ቁጥር የሚያሳንሰው ሲሆን፣ ምርጫው 3 ሲደረግ ኤተርኔት እስካለ ዋይፋይ አይያያዝም። መልቲቻናልንም ያው ይፈታዋል። ብዙ ኮምፒውተር ላለበት መሥሪያ ቤት ከሜትሪክ ይልቅ ይህ ይመረጣል፤ አንድ ቦታ ተጽፎ ለሁሉም ይደርሳል። እዚህ ያልተመረጠው ኬብል ተሰክቶ ሳለ ተጠቃሚው በእጁም ቢሆን ዋይፋይ እንዲያያይዝ ስለማይፈቅድ ነው፤ ከላይ የተባለው የስዊች መስመር ሲቋረጥ ሠራተኛዋ ዋይፋዩን ብትነካው እምቢ ይላታል፣ ኬብሉን መንቀል እንዳለባት ካልተነገራት ትቸገራለች። ሆም በሚባለው የዊንዶውስ ዓይነት ላይ ደግሞ ኤዲተሩ የለም።

ኤችፒና ዴል ለቢሮ በሚሠሯቸው ላፕቶፖች ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ኬብል ሲሰካ ዋይፋይን የሚያጠፋ ምርጫ አላቸው። የሚያየው ግን በዋናነት የላፕቶፑን የራሱን መሰኪያ ስለሆነ በዩኤስቢ አዳፕተር ላይ መተማመን አይቻልም። በድሮ መመሪያዎች የሚገኘው፣ አልት ተጭኖ አድቫንስድ ሴቲንግስ ውስጥ ኤተርኔትን በቀስት ወደ ላይ የመግፋት ዘዴ ዊንዶውስ 10 ላይ መንገድ አይወስንም፤ ጊዜ አያጥፉበት። ማክ ላይ ግን ቅደም ተከተል መጎተት እስካሁን የሚሠራ ነው፤ በኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ ሰት ሰርቪስ ኦርደር በሚለው። ኡቡንቱ ላይ ኔትወርክ ማናጀር ለኬብል 100፣ ለዋይፋይ 600 የሚሰጠው በዓይነታቸው እንጂ በፍጥነታቸው ስላልሆነ፣ ይህ ጉዳይ እዚያ ባልተነሳ ነበር።

በዚያው ቢሮ የተገኘ ሌላ

ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ሲታዩ አንዱ ዴስክቶፕ የተገላቢጦሽ ሆኖ ተገኘ። ኬብሉ በ1000 ተያይዟል፣ ፒችትሪ ፈጣን ነው፤ ኢንተርኔቱ ግን በዋይፋይ ይሄዳል። ኬብል ሳይዘረጋ በፊት የተሰካች ትንሽ የዩኤስቢ ዋይፋይ ከጀርባው ቀርታለች። የኤተርኔቱ ሜትሪክ 25፣ የዋይፋይዋ 45 ሆኖ ሳለ ዋይፋይዋ ለምን ታሸንፋለች?

«ራውት ፕሪንት» መልሱን ያሳያል። በኬብሉ በኩል ያለው የኢንተርኔት መንገድ 281 ይላል። ይህ ዴስክቶፕ አድራሻውም ጌትዌዩም (ወደ ኢንተርኔት መውጫው፣ እዚህ የራውተሩ አድራሻ) በእጅ የተጻፈ ነው። በእጅ የተጻፈ ጌትዌይ ከዲኤችሲፒው በተለየ የመንገድ ሜትሪኩ 256 ነው፤ 25 ሲጨመርበት 281። የዋይፋይዋ ጌትዌይ ከዲኤችሲፒ የመጣ ስለሆነ 0 ሲደመር 45። የኤተርኔቱ ሜትሪክ 1 ቢደረግ እንኳ 257 ነው፣ አይረዳም። የቢሮው ውስጥ ኔትወርክ መንገድ ግን በሁለቱም በኩል 256 ስለሚጨመርበት ኬብሉ በ281 ለ301 ያሸንፋል፤ ፒችትሪ የፈጠነው ለዚህ ነው።

ማስተካከያው በዚያው በአድቫንስድ መስኮት ነው፤ ከታች ባለው የአዳፕተሩ ሜትሪክ ሳይሆን ከላይ በጌትዌዩ ዝርዝር። ጌትዌዩ ተመርጦ ኤዲት ይባልና የእሱ አውቶማቲክ ሜትሪክ ተነስቶ 1 ይጻፋል፤ ድምሩ 26 ይሆናል። ሌላው መንገድ አድራሻውን ወደ አውቶማቲክ መልሶ፣ ቋሚ ቁጥሩን ራውተሩ ላይ በካርዱ ማክ አድራሻ (በፋብሪካ በተሰጠው መለያ) ማስያዝ ነው። ለዚህ ዴስክቶፕ ግን ሁለቱም አላስፈለጉም፤ ዋይፋይዋ ተነቅላ መሳቢያ ገባች።

የስልክ ኢንተርኔት በዩኤስቢ ለሚጠቀሙም አንድ ነገር ይታከል። ዩኤስቢ ቴተሪንግ የተከፈተበት ስልክ ለዊንዶውስ እንደ ኤተርኔት አዳፕተር ነው የሚታየው። ዋይፋዩ 60 በሆነበት ላፕቶፕ ላይ እንዲህ ያለ ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ቢሰካ፣ ኮምፒውተሩ ዋይፋዩን ትቶ የስልኩን ጥቅል መብላት ይጀምራል። ላፕቶፑ ላይ ለቻርጅ የሚሰካ ስልክ ቴተሪንጉ መዘጋቱ ይታይ።